ወደ ግራ የተጠመዘዘው ፀጉር

እኔ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን አይደለም፣ ፀጉሩን ነው። ከፀጉሩም የሠራውን እጅ ነው የማየው። ይኼ ድሬድ ቤት የተጀመረ ነው፣ ያኛው የታወቀ ሳሎን ሥራ ነው፣ ይቺ ደግሞ ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ ክንዷ እስኪዝል ታግላለች እላለሁ፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ባላት ጠባብ ቤት ውስጥ የሰው ራስ ይዤ ስቆም ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። እግሬ አብጧል፣ አፌ ግን ገና እንደተሳለ ነው። ደንበኞቼ "እጇ ወርቅ፣ ምላሷ እሾህ" ይሉኛል። ሁለቱንም እቀበላለሁ። አሁን የማወራው ግን ወርቅ የተባለው እጄ ስላበላሸው ራስ ነው። ከዚያም ይልቅ ያንን ራስ ቤቷ ውስጥ፣ በገዛ እጇ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ስለሠራችው ሴት ነው።

እታለም ነበር የምንላት። ታናሽ እህቷ እንደዚያ ስለምትጠራት ጎረቤቱም፣ የሥራ ጓደኞቿም፣ በኋላ እኔም እታለም አልናት። ትንሿን ደግሞ እሷ ሚጡ ትላታለች። ሚጡ አድጋ በቁመት ከበለጠቻት በኋላም ያው ሚጡ ናት።

እናታቸው ሲሞቱ እታለም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሚጡ ስድስት። አባት የሚባል ሰው በወሬ እንጂ በአካል አልነበረም። እታለም ትምህርቷን ትታ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። አንድ ጊዜ ሊያገባት የሚፈልግ ሹፌር መጥቶ ነበር አሉ። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ልጅቷስ?" ብሎ ጠየቃት። "ልጅቷ ምን?" አለችው። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ በዚያ መንገድ ሲነዳ አልታየም።

ግራኝ ነበረች። ልጅ ሳለች እናቷ ግራ እጇን በሻሽ አስረው ሲታገሏት፣ አስተማሪዋ በማስመሪያ ጣቷን ሲቀጠቅጣት ኖረው፣ ያተረፉት ነገር ቢኖር በቀኝ መጻፍን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ፣ መቁረጡን፣ መስፋቱን፣ ማበጠሩን፣ በግራዋ ነው የምትሠራው። ሥራ ቦታ ማጠቢያ ማሽኑ ሲበላሽ፣ የሚበላሽበት ቀን ደግሞ ከሚሠራበት ይበልጣል፣ ሴቶቹ አንሶላውን ለሁለት ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጨምቃሉ። ሁለቱም ወደየቀኛቸው ሲጠመዝዙ አንሶላው ይከርራል፣ ውሃው ይወርዳል። እታለም ወደ ግራዋ ስለምትጠመዝዝ ፊት ለፊቷ የቆመች ሴት ጉድ ይፈላባታል፤ አንሶላው በመሃላቸው ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። "ከሷ ጋር አታቁሙኝ!" ሆነ ጩኸቱ። መጨረሻ ላይ እታለም አንዱን ጫፍ ከብረት ምሰሶ ጋር እያሰረች ብቻዋን መጭመቅ ለመደች።

እኔና እሷ የተዋወቅነው ሚጡ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት "ድሬድ ካልተሠራሁ" ብላ ባስቸገረቻት ጊዜ ነው። እታለም ብቻዋን መጣችና በር ላይ ቆመች።

"እህቴ፣ ድሬድ እንዴት ነው የሚጀመረው?"

"ወንበሩ ላይ በመቀመጥ" አልኳት።

ከልቧ ሳቀች። "እኔ እኮ ቤት ልሠራላት ነው።"

ቤት ልሠራ ነው የሚል ሰው ያናድደኛል። ጥርሱ ሲያመው ቤት ይነቅላል እንዴ? ግን ሳቋ ደስ ስላለኝ ግማሹን ነገርኳት። "በደንብ አጥበሽ፣ ቅባት ሳታስነኪው አድርቂው። በማበጠሪያው ጭራ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ክፈይው፣ እሬት ቀቢና ጠምዝዢው። ሲያቅትሽ ትመጫለሽ።" ወደየት እንደሚጠመዘዝ አልነገርኳትም። ደብቄያት አይደለም። የሚነገር ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር። ሁላችንም ወደ ቀኝ ነው የምንጠመዝዘው፣ ማን ጠይቆ ያውቃል?

አልመጣችም። በሁለት እሑድ ስልሳ ሁለት ዘለላ አወጣች። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ተፈታ፤ ትምህርት ቤት ሚጡን "መወልወያ" አሏት፤ ልጅቷ እያለቀሰች ገባች። እታለም እንደገና ጠመዘዘችው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚጡ ትራስ አንጥፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ለእህቷ ጉልበት ትሰጣለች፣ እታለምም ከማጅራቷ ጀምራ አንድ በአንድ ሥሩን ወደ ግራ እያዞረች ትወጣለች። ፊት ለፊት የማይባለው ነገር ሁሉ የተባለው እዚያ ነው። እናታቸው የሞቱት ለሚጡ እንደተነገራት በእንቅልፋቸው ሳይሆን ሁለት ወር ተሠቃይተው መሆኑን እዚያ ነገረቻት። ሚጡም ፈተና መውደቋን፣ በኋላም ልቧን ስለሰረቃት ልጅ፣ እዚያው እግሮቿን ዘርግታ ተናገረች። እታለም ከብዙ ዓመት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ፣ "አንዷን ዘለላ ጠምዝዞ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ከባድ ነገር ለመናገር ልክ ይበቃል። ደግሞ አትተያዩም" ብላኛለች።

አሥር ዓመት አለፈ። ድሬዱ ወገቧ ደረሰ። ሚጡ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ደንበኛ ትቀበል ጀመር። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እኔ ክፉዋ፣ "ክፍፍሉ ተወላግዷል" እላለሁ። እውነት ነው፣ ተወላግዷል። እንደ ብረት የጠነከረ መሆኑን ግን እያየሁ አልተናገርኩም።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁለቱም ሳሎኔ ገቡ። እታለም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ግራ እጇን በቀኟ አንስታ፣ እንደ ዕቃ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ስትሮክ ግራ ጎኔን መታኝ" አለችኝ። "እግሬ ተመልሷል። ይኼ ግን አልታዘዝ ብሎኛል። ሦስት ወር ሙሉ የሷን ፀጉር አልነካሁም፣ ሥሩ ተበታትኖ አለቃዋ ተናገራት።"

"ምንም አላለኝም እኮ" አለች ሚጡ።

"ብሏታል። ፀጉሯን አንቺ ያዥልኝ፣ እህቴ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ይኼ ፀጉር ከሥሩ እስከ ጫፉ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነው። አንቺም ወደ ግራ አድርጊው። አለዚያ ይላላል።"

"የኔ እመቤት፣ ፀጉር አቅጣጫ የለውም፣ መኪና አይደለም!" አልኳት። ካስክ ውስጥ ያለችዋ ደንበኛ ሳትሰማ አልቀረችም፣ ሳቀች።

እታለምም ሳቀች። ያንን የአንሶላውን ነገር የነገረችኝ ያኔ ነው፣ በአንድ እጇ እያሳየች። "አየሽ፣ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ስትል ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይከርርም።"

"ይኼ አንሶላ አይደለም።"

"ልክ ነሽ። ግን የኔን ወደ ግራ፣ ያንቺን ወደ ቀኝ ካደረግነው፣ መጋጠሚያው ላይ ምን ይሆናል?"

የውሃውን ቧንቧ ከፈትኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት የሠራሁትን ሥራ አንሶላ አጣቢ ልታስተምረኝ ነው? እንዲህ ነበር ያልኩት፣ በልቤ። ይኼን ዛሬ ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

"እሺ" አለች እታለም። "አንዷን ብቻ ተይልኝ። ከግራ ጆሮዋ ኋላ ያለችውን። እሷን እኔ እሠራታለሁ።"

"በየትኛው እጅሽ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚጡ በመስታወት ውስጥ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እታለም ግን አልተቆጣችም። የጭኗን እጅ ቁልቁል አየችው።

"በዚሁ። እየቆየም ቢሆን" አለች።

ያችን አንዷን ትቼ ሌላውን ሁሉ ሠራሁት። መቼም ሥራ አውቃለሁ። የወጣውን ፀጉር በኪሮሽ መርፌ ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ፣ ዋክስ ቀባሁ፣ ሥሩን ወደ ቀኝ አጥብቄ ጠመዘዝኩ፣ ካስክ ውስጥ አስገባኋት። ስትወጣ ሌላ ሰው ሆነች። መስታወቱ ፊት ቆማ ዞር ዞር አለችና፣ "እታለም፣ እዪኝ! በሕይወቴ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም!" ብላ ጮኸች።

"አምሮብሻል፣ የኔ ቆንጆ" አለች እታለም።

ሚጡ በየወሩ ትመጣ ጀመር። በአራተኛው ወር ላይ ጣቴ አንድ ነገር ነገረኝ። ከሥሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የእኔ ሥራ ከእሷ ሥራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ዘለላው ሰፍነግ ሆኗል። ስጫነው ይሟሽሻል። ሌላዋን ያዝኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛዋን፣ ያው። ወደ ቀኝ በጠመዘዝኩት ቁጥር የእታለምን እየፈታሁት ነበር። ያን ቀን አቁሜ፣ "ልክ ነበርሽ" ብዬ፣ ወደ ግራ ብመልሰው ይተርፍ ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያንን ቦታ በኪሮሽ እየጎነጎንኩ፣ በዋክስ እየደፈንኩ፣ ዝም አልኩ። ከላይ ሲታይ ምንም አይልም። ስህተት ማንም ይሠራል፣ የእኔ ኃጢአት ግን ይኼ ዝምታ ነው።

አንድ ቀን እታለም አብራት መጣች። ያን ጊዜ ወደ አንሶላ ማጠፊያው ተዛውራ በአንድ እጇ ትሠራ ነበር። ሚጡ ወንበሩ ላይ ሆና፣ ማተሚያ ቤት ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ፀጉሯን እንዴት እንዳደነቀላት እየተፍለቀለቀች ትነግረናለች። እታለም ከኋላዋ ቆማ አንዷን ዘለላ በቀኝ እጇ ያዘችና ቁልቁል ዳበሰቻት። ጣቷ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዴ ጫን አለቻት። ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። እኔ ማበጠሪያ የምፈልግ መስዬ መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ሚጡ እየሳቀች ወሬዋን ቀጥላለች። እታለም ዘለላዋን ቀስ ብላ ለቀቀቻትና፣ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

የጆሮ ኋላዋን ዘለላ በየወሩ አያታለሁ። ከሌሎቹ መሃል እንደ እንግዳ ናት፤ ወፍራም፣ ጎርበጥባጣ፣ ሥሯ ላይ ፀጉሯ የተንጨባረረ። "አንዷን ለመሥራት እሑድ ከሰዓት በሙሉ ይፈጅባታል" ትለኛለች ሚጡ። "ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። አንዳንዴ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ገና እዚያችው ላይ ናት።"

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እታለም የሥራ ካፖርቷን እየለበሰች ሳለ ሁለተኛው መታት። አንዱ እጅጌ ገብቷል፣ የግራው ገና ነበር። የምትሠራበት ሆስፒታል ሲያደርሷት፣ የገዛ እጇ ባጠፈው አንሶላ ላይ አስተኟት። ማታውን አላየችም። ነፍሷን ይማር።

ሚጡ ከወር በላይ ቆይታ መጣች። ረቡዕ ቀትር ላይ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነበር። ራሷን በሻርፕ ጠቅልላለች፣ እጇ ላይ የታጠፈ የትራስ ልብስ ይዛለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የትራስ ልብሱን ጭኗ ላይ ፈታችው። ዘለላዎች ናቸው። ሃያ ይሆናሉ፣ ሃያ አምስት፤ ረጃጅም፣ ጠንካራ፣ ሁሉም አናታቸው ላይ እንደ ክር የሳሱ። ሻርፑን ስታወልቅ የቀሩት አንድ ስንዝር የሚያህሉ ጉቶዎች ፊቷ ላይ ወደቁ። አንዳንዱ ገና አልተበጠሰም፣ በክር ተንጠልጥሏል።

"ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ አገኛቸዋለሁ" አለች። ድምፅዋ የሕፃን ሆኗል። "ሐዘን ነው አሉኝ። ሐዘን ፀጉር ይበጥሳል እንዴ፣ እትዬ? እነዚህ እኮ እሷ የሠራቻቸው ናቸው። ሌላ ምን አላት እኔ ጋ? ልብሷን ለሰው ሰጠሁት፣ ፎቶ አትወድም ነበር። አፈር ስሆን ቀጥይልኝ።"

ሐዘን ነው ብላት ታምነኝ ነበር። እንደዚያ አምና ትኖር ነበር፣ እኔም ስሜን ይዤ እኖር ነበር። አፌን ከፍቼ እሱኑ ልላት ነበር። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ጭኗ ላይ ያለውን ክምር አየሁት፤ ዘለላዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተጠምዝዘዋል። አንዷም ሳትቀር።

"ሐዘን አይደለም" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት። አንሶላውን፣ ቀልዴን፣ በአራተኛው ወር ጣቴ ያገኘውን፣ በዋክስ የደፈንኩትን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አንድ ጊዜም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ብትሰድበኝ፣ ማበጠሪያውን ብትወረውርብኝ ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እታለም ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር። በጣቷ አገኘችው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለች?"

መልሱ በራሷ ፊት ላይ ሲመጣ አየሁት። መስታወቱን ቀና ብላ አየች፣ ያኔ ዞር ዞር ብላ ራሷን ያየችበትን መስታወት።

"እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም አልኳት" አለች። "አሥር ዓመት ሠርታኝ፣ ፊቷ ላይ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም አልኳት።" ከዚያ አለቀሰች። የትራስ ልብሱን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተናጠ። እኔ ከኋላዋ ቆሜአለሁ፤ እጄን ትከሻዋ ላይ ላሳርፍ ፈልጌ መብቱ የለኝም ብዬ ተውኩት።

ሲበርድላት፣ "መቀጠል ይቻላል" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ይቻላል። "ከአናቱ ሦስት ጣት ያህል የሷን ልፍታና፣ ከላይኛው ጋር በኪሮሽ..."

"የሷን አትፍቺብኝ!" ብላ ክምሩን ወደ ሆዷ ሰበሰበችው።

"እሺ።"

"ቁረጪው። ያንቺን የሁለት ዓመት ሥራ ከነሥሩ ቁረጪልኝ።"

መቀስ አነሳሁና መጀመሪያ ጉቶዎቹን ከሥራቸው አወረድኩ። ያልተበጠሱትን አንድ በአንድ ከሥራቸው ቆርጬ ስሰጣት ትቀበለኝና መጋጠሚያው ላይ በሁለት እጇ ትስበዋለች፤ ያለ ድምፅ ይለያያል። የእታለምን በትራስ ልብሱ ውስጥ ታስገባለች፣ የእኔን መሬት ላይ ትጥላለች። ወለሉ በሥራዬ ተሸፈነ። ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

መጨረሻ ላይ ያቺ የጆሮ ኋላዋ ብቻ ቀረች። ከሥሯ እስከ ጫፏ አንድ ናት። ጫፏ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ፀጉር ነው፤ መሃሏ ደህናው ግራ እጅ የሠራው፤ ላይኛው ጎርበጥባጣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶች። የትም ቦታ አልሳሳችም። ሥሯ ላይ ግን ትንሽ ፀጉር በቅሏል፣ ያልተጠመዘዘ። እታለም ያልደረሰችበት ነው።

ልምድ ክፉ ነው፤ ሳላስበው ሁለት ጣቴ ይዟታል፣ ወደ ቀኝ ሊያዞራት ነው። እንደ እሳት ለቀቅኋት።

"ይቺን ማን ይሠራታል?" አለች ሚጡ።

"አንቺ።"

"እኔ ግራኝ አይደለሁም እኮ። አልችልም።"

"በግራሽ። እየቆየም ቢሆን" አልኳት። የማን ቃል እንደሆነ ገባት።

ግራ እጇን ወደ ጆሮዋ ኋላ ሰደደች። አመለጣት። እንደገና ያዘች፣ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። "ወደዚህ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ወደዚያው ነው" አልኳት፣ ሁለቱንም እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ። አንዲት ደንበኛ በሩን ስትገፋ በዓይኔ መለስኳት።

ብዙ ቆየችበት። አንዷን ዘለላ ጠምዝዞ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ከባድ ነገር ለመናገር ይበቃል ትል ነበር እታለም። ሚጡ ግን ጨርሳ እስክትነሳ አንድ ቃል አልወጣትም። ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ነበርኩ እንጂ እታለም አልነበረችም።